የባርኔጣ ሠሪው የአቶ በርናባስ ዳና የሕይወት ታሪክና በሬሳቸው ፊት እንዲነበብ ያዘዙት ቃል

አቶ በርናባስ ዳና ከአባታቸው ከአቶ ዳና ጫሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ አማረች ቶልባ፣ በቀድሞው ገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያየው በኦቾሎ በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። ከሰባቱ ልጆች አራተኛው በርናባስ ግን ከመወርወሪያው ጋር አልተስማሙም፤ ክር መበጠስ እንጂ መቀጠል አያውቅም እየተባሉ ሲሾፍባቸው ማደጋቸውን ራሳቸው እየሳቁ ያወሩት ነበር። በአካባቢያቸው በነበረው ትምህርት ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ተምረዋል።

በ1963 ዓ.ም. ከሸማኔ ዘመዶቻቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ዘመዶቻቸው ሽሮ ሜዳ ሲቀሩ እርሳቸው ፒያሳ አንድ አርመናዊ ባርኔጣ ሠሪ ዘንድ ተቀጠሩና አሥራ አምስት ዓመት ሠሩ። ሽማግሌው አርመናዊ ሱቃቸውን ሲዘጉ ስድስት የራስ ቅርጽ ያላቸው የእንጨት ፎርማዎችና አንድ የብረት ማንቆርቆሪያ ሰጥተው ሸኟቸው። በ1978 ዓ.ም. ያንን ይዘው ወደ አርባ ምንጭ ተመለሱና ሲቀላ ገበያው ዳር፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባትን ሱቅ ከፈቱ። በ1981 ዓ.ም. ከወይዘሮ በለጥሽ ጋሻዬ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አርሴማንና ኑሃሚንን ወልደዋል።

የሱፍ ባርኔጣ ዝናብ ሲመታው፣ ሰው ሲቀመጥበት፣ ወይም ባለቤቱ ታሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲከርም ቅርጹን ይጥላል። አቶ በርናባስ በማንቆርቆሪያው እንፋሎት ያለሰልሱታል፤ ለባለቤቱ ራስ የሚስማማውን ፎርማ መርጠው በላዩ ላይ ይጎትቱታል፤ ግርጌውን በሲባጎ ጠፍረው ያደርቁታል። ከዚያ አናቱን በአውራ ጣታቸው ሰርጎድ አድርገው ክፈፉን በካውያ ይተኩሱታል። የማንም ሰው ራስ ድፍን ክብ አይደለም ይሉ ነበር፤ አንዱ ከኋላ ይረዝማል፣ ሌላው ከጆሮው በላይ ይሰፋል። አቶ በርናባስ ሜትር አያወጡም፣ ወረቀት ላይም አይጽፉም። ሰው በር ላይ ቆሞ ሰላም ሲላቸው ልኩን ይይዙታል፤ ከሳምንት በኋላም አይረሱትም። የበርናባስ ዐይን አይስትም ተባለላቸው። እርሳቸውም አመኑት፤ ያጠፋቸውም ይኸው ነው።

በቀብር ላይ የሚነበብ ታሪክ የሟቹን ደግነት ቆጥሮ እንደሚያበቃ እናውቃለን። አቶ በርናባስ ደግ ነበሩ፤ የዕድራቸው ሰው፣ የሰፈራቸው ሰው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን ከዚህ በታች ያለው ሳይነበብ አፈር እንዳይለብሱ አዝዘዋል። ከዘመድ መካከል የሬሳ ገመና አይገለጥም ብለው የተቆጡ አሉ። ተቆጥተውም ቢሆን ያድምጡ፤ ቃሉ የሟቹ ነው።

በመጋቢት 2008 ዓ.ም. የላንቴው ገበሬ አቶ ወልደሥላሴ አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሻሺቱና ሁለት ወንዶች ልጆች ቀሩ፤ ታላቁ ሀብተወልድ፣ ታናሹ እንድሪያስ። በዚያ ቤተሰብ ልማድ በአርባው ቀን ታላቁ ልጅ በሽማግሌዎች ፊት የአባቱን ባርኔጣ ደፍቶ በአባቱ ወንበር ይቀመጣል። የአቶ ወልደሥላሴ ባርኔጣ በሕመማቸው ጊዜ ተጨማዶ ስለነበር፣ ሀብተወልድ የራሱን ዙሪያ በክር ለክቶ፣ ልኩ ላይ ቋጥሮ፣ ክሩን ከባርኔጣው ጋር በወንድሙ እጅ ላከ። እንድሪያስም አደራውን አድርሷል። ባርኔጣው የታላቅ ወንድሙ እንደሆነ ተናግሮ፣ ክሩን ሰጥቶ ሄደ።

ሳምንቱ ሕማማት ነበር፤ ለፋሲካ የሚደርሱ ዘጠኝ ባርኔጣዎች ተደርድረዋል። አቶ በርናባስ በክር ልክ መታዘዝን እንደ ስድብ ያዩት ነበርና ክሩን መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት። ከሦስት ቀን በኋላ ያንን ባርኔጣ ሲያነሡ ዐይናቸው ላይ የመጣው በሩ ላይ የቆመው ልጅ ራስ ነው፤ ትንሽና ክብ። በእርሱ ልክ ሠሩት። ሥራውም ያማረ ነበር።

በአርባው ቀን ሀብተወልድ ባርኔጣውን ቢደፋው አልገባ ብሎ አናቱ ላይ ቀረ። ረጅምና ትልቅ ራስ ነበረው። ከጎረምሶቹ አንዱ ሳቀ። ሌላው ባርኔጣውን ተቀብሎ እንድሪያስ ራስ ላይ ቢያኖረው አብሮት የተወለደ ያህል ልክክ አለ። ከዚያ በኋላ የእንድሪያስን መሐላ የሰማ አልነበረም። የወንድሙን ወንበር በአባቱ አርባ ሊቀማ የተነሣ ተባለ።

በማግስቱ ሀብተወልድ ሲቀላ መጣ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። ባርኔጣውን በማን ልክ እንዲሠሩ እንደታዘዙ በትሕትና ጠየቃቸው። አቶ በርናባስ ደንበኞቹን አዩ፤ ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት።»

ሀብተወልድ አመስግኖ ወጣ። አቶ በርናባስ መሳቢያውን ሲከፍቱ ክሩ ከነቋጠሮው ተቀምጧል። ማንቆርቆሪያው እየፈላ ነበር፤ ያንን ባርኔጣ መልሶ ለመሳብ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ላንቴም ሩቅ አይደለም። አልሄዱም። ነገ እሄዳለሁ እያሉ ሦስት ሳምንት አለፈ።

በግንቦት አጋማሽ ኩልፎ ከቀትር በኋላ ሞላ። ወንድማማቾቹ በወንዙ ዳር በጋራ የሚያለሙት የሙዝ ማሳ ነበራቸው፤ ውኃ መሳቢያውን ሞተር ሁልጊዜ ከጎርፍ የሚያወጡት ሁለት ሆነው ነው። ያን ዕለት ሀብተወልድ ወንድሙን አልጠራም፤ ከአባታቸው አርባ ጀምሮ አይነጋገሩም ነበር። ብቻውን ገባ። በሦስተኛው ቀን ከታች አገኙት። ወይዘሮ ሻሺቱ ከቀብሩ ተመልሰው የእንድሪያስን ልብስ ወደ ደጅ አወጡ። እርሱም አገር ለቅቆ ሶዶ ገብቶ በጋራዥ ተቀጠረ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አቶ በርናባስ ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ደንበኛ ራስ በወረቀት ላይ መንደፍ ጀመሩ። ሰው እርጅና ነው አለ። ሳቃቸው ጠፋ፤ ቤት ውስጥም ነገር ቢጠየቁ ቶሎ አይመልሱም። እኛ ልጆቻቸው ምክንያቱን ሳናውቅ ተቀየምናቸው፤ ይህን የምጽፈው እኔ አርሴማ አሁን ሳስበው ብናውቅም የሚቀለን አይመስለኝም።

በ2014 ዓ.ም. ወይዘሮ ሻሺቱ ያንኑ ባርኔጣ በነጠላ ጠቅልለው ወደ ሱቁ መጡ። የሚደፋው ልጅ እንደሌላቸው ተናግረው፣ ልኩ ለሚሆነው ሰው እንዲሸጡላቸው ለመኑ። አቶ በርናባስ ባርኔጣውን መንካት አልቻሉም፤ ይመልሱት አሏቸውና ሱቁን ዘግተው ቤት ገቡ። ጥፋታቸውን ለባለቤታቸው የተናገሩት ያን ዕለት ነው።

በሳምንቱ ሶዶ ሄደው እንድሪያስ እግር ላይ ወደቁ። እንድሪያስ ሁሉን ከሰማ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ወንድሙ ያን ቀን ሲጠይቃቸው ተቆጥቶ ነበር ወይስ አልቅሶ? ሁለቱንም አልነበረም፤ ሊያምንህ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት ብለው መለሱ። እንድሪያስ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ አቶ በርናባስ ሽማግሌዎች ይዘው፣ ለይቅርታ እርጥብ ሣር ጨብጠው በላንቴ ደጃፍ ተንበረከኩ። ክሩንም አሳዩ። ወይዘሮ ሻሺቱ አላመኑም፤ እንድሪያስ አቶ በርናባስን አባብሎ የላከ መሰላቸው፤ ክር ደግሞ ማንም ይቋጥራል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ወይዘሮ ሻሺቱ እንዲህ አሉ፦ «በቁሙ ያለ ሰው ይዋሻል። በሬሳው ፊት ይነገረኝ፤ ያን ጊዜ አምናለሁ።»

አቶ በርናባስ ይህን ሰምተው ቀናቸውን መጠበቅ ያዙ። በ2016 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ሲገኝባቸው ሐኪሙ ደንግጦ ነገራቸው፤ እርሳቸው አልደነገጡም። በመጨረሻው ወር ሆዳቸው አብጦ፣ እንቅልፍ አጥተው ብዙ ተሠቃዩ። ሕመማቸው ፋታ በሰጣቸው ቁጥር ይህን ጽሑፍ እንዳነብላቸው ያዝዙኝ ነበር፤ ለእርሳቸው ያደላ የመሰላቸውን ቃል ሁሉ አስወጥተዋል። «ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ» የሚለውን እንኳ እንደ ምክንያት እንዳይቆጠር ፈርተው ነበር። በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በቤታቸው አረፉ።

አቶ በርናባስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ በለጥሽን፣ ሁለት ሴት ልጆችንና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ከእነዚህ ሌላ፣ በእርሳቸው አንድ ቃል የተነሣ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት እስኪቀሩ ድረስ የእናቱን ደጅ ያልረገጠ አንድ ሰው ትተዋል። የነፍሳቸውን ነገር ለሚምረው አምላክ ሰጥተናል፤ ከደጋጎቹ ጎን ባይሆን ከንስሐ ገቢዎቹ ጎን ያኑርልን።

ይህ ወረቀት ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ ወይዘሮ ሻሺቱ ይመጡ እንደሆነ አላወቅንም። ለቀብሩ መልእክት ተልኮላቸዋል። መጥተው ከሆነ፣ እማማ ሻሺቱ፣ እንደ ቃልዎ በሬሳቸው ፊት ተነግሮዎታል። እንድሪያስ የወንድሙን ወንበር አልተመኘም፤ የዋሸው በርናባስ ዳና ነው። ልጅዎ አስቀድመን እንደተስማማነው ከሳጥኑ በስተግራ ቆሟል፤ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰው ነው። በሠላሳ አራት ዓመቱ ጸጉሩ ሸብቷልና አይለዩት ይሆናል።