የአባዬ ፊት፣ ለስድስተኛ ጊዜ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

የሜልበርን ዝናብ። የስቱዲዮው ጣሪያ ዛሬም ያፈሳል። እማ የአባዬን ሥዕል መለሰችው... አምስተኛው ነው።

"አይመስልም" አለች፣ ከሾርባዋ ቀና ሳትል።

"ምኑ ጋ ነው የማይመስለው?"

"ጉንጩ ሞላ... እኔ ምን አውቃለሁ? ሠዓሊዋ አንቺ።"

ለሟቾቻችን ምግብ የምናቀርብበት መደርደሪያ ላይ፣ ከአያቶቼ ፎቶ ጎን፣ የአባዬ ስም ብቻ የተጻፈበት ፍሬም አርባ አንድ ዓመት ቆሟል። ቀድሞን ከቬትናም ሲወጣ ባሕር ላይ ከነጀልባው ጠፋ። አራት ዓመቴ ነበር። ፊቱ ትዝ አይለኝም፤ ፎቶም አልተረፈም። እማ እየነገረችኝ ነው የምስለው። ለሙት ዓመቱ መድረስ አለበት። በዚህ ዓይነት ይደርሳል?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ማርጎ ደወለች፣ የሥዕል ኤግዚቢሽኔ አዘጋጅ። አባዬን መግቢያው ላይ ልትሰቅለው ትፈልጋለች። "አገር፣ ትዝታ፣ ማንነት..." ስንት ጊዜ ነው የምሰማው?

"ከኋላው ትንሽ ጀልባ ብታደርጊበት?"

"አላደርግም።"

"ማዕበልስ?"

ዘጋሁባት።

እሑድ፣ ግንቦት 10

አክስቴ ንጉየት ለወንድሟ ሙት ዓመት ከቬትናም ገባች። ሥዕሉን ስታይ ሻንጣዋን ለቀቀችው። አለቀሰች።

"ቁርጥ ወንድሜ!"

"አይመስልም" አለች እማ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽ ጠፋ እንዴ?"

"አይመስልም አልኩ።"

ረስታው ይሆን? በየቀኑ ሩዝ የምታቀርብለትን ሰው? ተናደድኩ... ፈራሁም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ስድስተኛው። "ጸጉሩ ጠቆረ" አለች። ብሩሹን ወረወርኩት።

"ረስተሽዋል እማ! ንገሪኝና እንገላገል።"

"አልረሳሁትም። የመጀመሪያውም ራሱ እሱ ነበር" አለች።

"ታዲያ ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?"

"እሱ ሠላሳ አንድ ላይ ቀረ፣ እኔ ሰባ ሞላኝ። ሩዝ ሳቀርብለት ልጄን የማበላ ነው የሚመስለኝ። ነገ ስሞት ደግሞ ፎቶዬን አጠገቡ ታስቀምጪዋለሽ። ሰው እናትና ልጅ አይለንም?"

"ስድስት ሥዕል ስስል ይሄን አትነግሪኝም?"

"አፍሬ ነዋ።"

እሷም እንደዚህ ታፍራለች? በሰባ ዓመቷ?

ዓርብ፣ ግንቦት 15

አብረን አስረጀነው። ሽበቱን ከጆሮው በላይ አስጀመረችኝ። ቅንድቡን ሦስቴ አስጠፋችኝ።

"የዓይኑን ሽብሽብ የቀኙን አብዢው" አለች።

"ለምን የቀኙን ብቻ?"

"ሰዓት ሲጠግን ማጉያ መነጽሯን በቀኝ ዓይኑ ነበር ጨምድዶ የሚይዛት። ስጠራው ሳያወልቃት ዞሮ ይስቅልኝ ነበር።"

ሰዓት ጠጋኝ እንደነበር አውቃለሁ። እንደሚስቅ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ... ለምን አልጠየቅኩም?

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ማርጎ ሁለቴ ደወለች። ሥዕሉን አላመጣም አልኳት።

"የት ሄደ?"

"ቤቱ።"

ዛሬ ሙት ዓመቱ ነው፤ እንግዳ ሞልቷል፣ ምግቡ ቀርቧል። አክስቴ ፍሬሙን አይታ ግራ ተጋባች።

"ይሄ ሽማግሌ ማነው?"

እማ ሩዙን አስቀመጠችለት፤ ዓሣውን ወደ እሱ ጠጋ አደረገችው።

"ባሌ ነው" አለች።