ያልቀጠነው የባሕር ዛፍ ዘይት

ጥፋተኛዋ እህትሽ ናት። ይህን አስቀድሜ ልናገርና፣ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

እኛ ጣሪያውን አስጠግነናል። እህትሽ ማሳጅ ቤት ሥራ ገብታ ዘይት መቀመም ጀምራለች። ትናንት ሕፃን ልጅሽን ጉንፋን ቢይዛት፣ የባሕር ዛፍና የናና ዘይት በሰሊጥ ዘይት ሳታቀጥን ደረቷን ቀባቻት። ጠርሙሱ ላይ «ለሕፃናት አይሆንም» ይላል፤ በስተርጅና በተማርኩት ፊደል አነበብኩላት።

«እማዬ ደግሞ፣ ማንበብ ከቻልሽ ወዲህ የማትፈሪው የለም! እንዲህ የሚያውድ ነገር ይጎዳል?» ብላ ሳቀችብኝ።

ወዲያው የሕፃኗን ደረት አጠብኩ። ሐኪም ቤት ብንወስዳትም፣ ሐኪሙ «ከባሰባት ቶሎ አምጧት» ብሎ ሰደደን። አሁን ደረቴ ላይ ናት፤ ትንፋሿን ሲር ሲር ሲል እየሰማሁ ባንድ እጄ እጽፋለሁ። ጡጦዋን ዛሬ አልነካችም።

ባለሽበት ክፉ አይንካሽ። ከእንግዲህ እንደ ወትሮው «አትቸኩይ፣ ሥራሽን ጨርሰሽ ነይ» ብዬ አልጽፍልሽም።

እናትሽ