ከነጩ ጉብታ የመጣ ጥርስ

ሰኞ

ጥርስ ነው። የሰው ጥርስ! መስቀል ስለቀረበ ከጉብታው ያመጣሁትን ነጭ አፈር በጥብጬ ግድግዳውን ስቀባ መዳፌን ቆረቆረኝ። ጠጠር መስሎኝ ነበር። ቡታጅራ ተወልጄ በዚያ አፈር ቤቴን ያላነጣሁበት ዓመት የለም። ስንት ሰው ለቅልቄ ይሆን? እጄን ሦስቴ ታጠብኩ።

አባባ ጥርሱን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ምሳም አልበሉም።

ማክሰኞ

አገሩን የያዙት ጣሊያኖች ለመንገዳቸው ጉብታውን ሲያስቆፍሩ አጥንት ወጣ ተባለ። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ እየሮጡ መጡ። አባታቸው የሞቱት እዚያ ነው፤ ከሰሜን የመጣው ጦርና ያገሩ ሰው ሲዋጉ፣ እትዬ ዘይነባ ገና ጡት ሳይጥሉ። አባባ ከሰሜኑ ጦር ነበሩ። ሁላችንም እናውቃለን፤ አንስተነው ግን አናውቅም።

«ጋሽ ወልዴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አባቴ የት እንደተቀበሩ ካወቁ ይንገሩኝ። ዶማው ሳይደርስባቸው ከፍኜ ልቅበራቸው።»

አባባ አላውቅም አሉ። ዋሹ። ሲዋሹ ጆሯቸውን ያካሉ።

ሐሙስ

ሁለት ቀን ታገስኩ፣ ዛሬ ግን ንዴቴ ገነፈለ። ጥርሱን አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ቆፋሪዎቹ ጉብታው ጫፍ ያለው ግራር ጋ ሊደርሱ ነው አልኳቸው።

«የቀበርኳቸው እኔ ነኝ» አሉ።

ሌላ አልጨመሩም። የእትዬ ዘይነባን አባት ገድለዋቸው ይሆን? አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ፈራሁ።

ዓርብ

ቆፋሪዎቹ ሳይመጡ አባባ ራሳቸው እትዬ ዘይነባን ጠርተው ከግራሩ ሥር ወሰዱን። ቆፈርን። አንድ ራስ ቅል ወጣ። ከጎኑ ሌላ።

አባባ መሬት ላይ ተቀመጡ። «አንዱ አባትሽ ነው፣ አንዱ ታላቅ ወንድሜ። ተናንቀው ነው የሞቱት። ማላቀቅ አቃተኝና አብሬ ቀበርኳቸው።»

አጎቴን እኮ መንገድ ላይ ወባ ገደለው ብለውን ነበር! ዕድሜዬን ሙሉ ወባን ስረግም ኖሬአለሁ።

የቱ የማን እንደሆነ አባባም መለየት አልቻሉም። አጎቴን የሚለየው ማተብም በስብሷል። እትዬ ዘይነባ ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ያመጡትን አንድ ከፈን ለሁለት ቀደዱት። ከጓሯቸው፣ ከእንሰቱ ጀርባ ጎን ለጎን ቀበርናቸው።

ጥርሱ እጄ ላይ ቀረ። የእነሱ ይሁን የሌላ አላውቅም። እትዬ ዘይነባ ተቀብለውኝ በሁለቱ መሃል አኖሩት።

መስቀል ነገ ነው። ግድግዳዬ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጭቃ ሆኖ ቀርቷል። እንግዳ ቢስቅብኝም ይሳቅ፤ አልቀባውም።