አስቁሚኝ ብለኸኝ ነበር

ውድ የልጆቼ አባት፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የዓይንህ ፋሻ እንደተፈታ ያረፍክባት ትልቋ ልጃችን ነገረችኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ራስህ አንብበው፤ እሷን አታስነብባት። ትናንት በስልክ «ለተማሪዎቹ ንገሪልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ ደርስ ማስተማር እጀምራለሁ» ስትለኝ ስልኩ የተዘጋው መስመሩ ተቋርጦ አይደለም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። የምጽፍልህን ነገር በስልክ ልነግርህ አልደፈርኩም።

የነቢዩን ንግግር ማን ከማን እንደሰማው ከሚመረምር የሐዲስ ሊቅ ጋር መኖር ቀላል እንዳልነበር ታውቃለህ አይደል? የጎረቤታችን ልጅ ታጨች ብዬ በደስታ ስገባ «ማን ነገረሽ?» ትለኛለህ። ፀጉር ሠሪዋ ናት ስልህ «እሷስ ከማን ሰማች? የነገራት ሰው እዚያው ነበር?» እያልክ ወሬዬን አፈር ድሜ ታስግጠዋለህ። አንተን አግብቼ ሐሜት እንዳማረኝ ቀረ። አንድ ጊዜማ በአውቶቡስ ስትንገላታ ሄደህ፣ የአንድ በሽተኛ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ስትጠብቅ ሰንብተህ፣ ድሮም በቃልህ የምታውቃትን አንዲት ሐዲስ ሰምተህ ተመለስክ። «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አመጣህ?» ብልህ «አሁን ከራሳቸው አፍ ሰማኋት» ብለህ እንደ ሕፃን ሳቅክ። ያን ሳቅህን እንዴት እንደምወደው ነግሬህ አላውቅም።

አንድ ከሰዓት ደግሞ መጽሐፍ ላይ አጎንብሰህ ስታለቅስ አገኘሁህ። ከብዙ ዘመን በፊት ስለኖረ አንድ ሐዲስ አስተላላፊ እያነበብክ ነበር። ደግና እውነተኛ ሰው ነበር አልከኝ፤ ሲያረጅ ግን ነገር ተምታታበት፤ የሚያስቆመውም ሰው አላገኘም። ጤና ሳለ የተናገረውን በኋላ ከተናገረው መለየት ስላልተቻለ ዑለማዎቹ፣ የሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ ሁሉንም ተዉበት። ዕድሜ ልኩን የለፋበትን ውሃ በላው።

«እኔም እንዲህ ከሆንኩ አንቺ አስቁሚኝ» አልከኝ። «ልጆቹ ያፍራሉ፤ ተማሪዎቹ ይፈራሉ።»

«አንተን ለማስቆምማ እንደ እኔ ማን አለ!» ብዬ ቀለድኩ። አንተ ግን አልሳቅክም። ቃል አስገባኸኝ።

ይኸው ቀኑ መጣ፣ ሆዴ።

ለዓይንህ ሕክምና ልትሄድ ስትሰናዳ፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ልብስ እያጠፍኩ ደርስህን እሰማ ነበር። የአንዱን ሐዲስ ቃል በሌላው ሐዲስ አስተላላፊዎች ስም ተናገርክ። ዕድሜዬን ሁሉ እዚያው ቦታ ሆኜ ስሰማህ የኖርኩ ነኝና ደነገጥኩ። ደክሞት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሌላ ቀን ግን ደገምከው፤ ጭራሽ በአስተላላፊዎቹ ሰንሰለት ውስጥ ልጁን በአባቱ፣ አባቱን በልጁ ቦታ አስገባህ። በእኔ ጆሮ ብቻ አልፈረድኩም፤ ያንን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የመጀመሪያ ተማሪህን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ለብቻው ጠራሁት።

«አንተም ሰማህ?» አልኩት።

«እማማ፣ ሸኻችን ትንሽ ደክሟቸው ይሆናል» አለኝ፣ ጫማውን እያየ።

«እሱን አልጠየቅኩህም። ሰምተሃል ወይ?»

«ሰምቻለሁ» አለና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

መጽሐፉን አውጥተን አመሳከርን። እውነት ነበር። እኔና እሱ እንደ ለቀስተኛ ቁጭ አልን።

በኋላ ግን፣ አላህ ይስጠው፣ የተማሪዎቹን ሁሉ ቤት እየዞረ የጻፉትን አቃንቶልሃል። ስለዚህ ልብህ ይረፍ፤ አንዲትም ስህተት በስምህ አልተሠራጨችም። ከዚያ በፊት ከአንተ የሰሙትን ሁሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያስተምራሉ፤ የኋለኛውን ይተዉታል። ልፋትህ ንጹሕ ሆኖ ተርፏል።

ደርስ ግን ከእንግዲህ የለም። ይኸው፣ ተናገርኩት። ልትቆጣኝ ትችላለህ፤ ተቆጣ። መጥተህ ተቆጣኝ፤ ቤቱ ያለ አንተ ጭር ብሏል። ይህን አንብበህ ስትጨርስ «እንግዲህ እኔ ምን ቀረኝ?» እንደምትል ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው፤ ቀለሙ የፈሰሰበትን ቦታ እንደ ምንም ብለህ አንብበው።

እኔ አለሁልህ። ቶሎ ና። አጠገቤ ተቀምጠህ እስኪደክምህ አውራልኝ። ስሞቹ ቢምታቱብህ፣ ሰንሰለቱ መሃል ላይ ቢበጠስብህ አታቋርጥ፤ ቀጥል። ከአንተ የሰማሁትን ለማንም አላስተላልፍም።

እስክትመጣ በር በሩን የምታይ፣
ሚስትህ