በምስጢር የተያዘችው ባለቤቴ ከአደባባዩ ላይ ትውረድልኝ

ለፀረ ሙስና ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም አዲሱን ሕግ እንድናወጣ ከአሥራ አንድ አገሮች መጥተው ለደገፉን የውጭ አጋሮችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኛም ደህና ነን ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ደህና አለመሆናችን ነው። እኔ ከኮሚሽኑ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ አደባባዩ ዳር ትንሽ ፀጉር ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። እርስዎ እኔን ባያውቁኝም ባለቤቴን በሚገባ ያውቋታል። አሁንማ የማያውቃት የለም።

ባለቤቴ የሆስፒታል ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነች። የደም ማስቀመጫው ማቀዝቀዣ ለጥገና ተብሎ ከወጣ በኋላ በሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አማች መጠጥ ቤት ውስጥ ቢራ ሲያቀዘቅዝ በዓይኗ አየች። አዲሱ ሕግ የጠቋሚን ማንነት በምስጢር ይጠብቃል ሲባል በሬዲዮ ሰምታ ስለነበር፣ እናንተን አምና ወደ ቢሯችሁ መጣች። መርማሪው ስሟን ሲጠይቃት እንኳ በሹክሹክታ ነው የነገረችው። ከዚያ ወዲህ የተደረገልንን ውለታ እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሕጉ ሥራ መጀመሩን ለአጋሮቹ ለማሳየት አንድ የስኬት ታሪክ አስፈልጎ ኖሮ፣ ባለቤቴ ለተጨማሪ ቃል ትፈለጊያለሽ ተብላ ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ተጠራች። መድረክ መሪው «አሁን ደግሞ ማንነቷ በጥብቅ ምስጢር የተያዘውን ጀግና እህታችንን በሞቀ ጭብጨባ እንቀበላት» ብሎ ሙሉ ስሟን ከነመሥሪያ ቤቷ ጠራ። የውጭ እንግዶቹ ትርጉሙ በጆሮ ማዳመጫቸው እስኪደርሳቸው ጥቂት ዘግይተው አጨበጨቡ። ከሁሉ ቀድመው ከፊተኛው ረድፍ ብድግ ያሉት ግን ሥራ አስኪያጁ ነበሩ፤ ለካ ሆስፒታላቸው አርአያ ተቋም ተብሎ ተጋብዟል። እጇን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «በርቺ» አሏት። በማግስቱ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ተቀብለዋት ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ሰጧት። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያ ቁጭ ብላ ትውላለች።

ሁለተኛ፤ በአዳራሹ ያሉት እንግዶች ብቻ ማወቃቸው ፍትሐዊ ስላልመሰላችሁ፣ ፎቶዋን ቤት በሚያህል ቢልቦርድ አሠርታችሁ አደባባዩ ላይ አቆማችሁት። ከሥሩ የአሥራ አንዱ አገሮች ባንዲራ ተደርድሯል፤ ከላዩ «ማንነቷ በሕግ የተጠበቀ ነው» ይላል። ፀጉር የማስተካክላቸው ደንበኞች በመስታወቴ ውስጥ ስለሚያይዋት ጭንቅላታቸውን ቀጥ አድርገው አይቀመጡልኝም። የታክሲ ረዳቶችም ፌርማታውን «ምስጢሯ ጋ» ብለው መጥራት ጀምረዋል።

ሦስተኛ፤ ይውረድልን ብዬ ቢሯችሁ ስመጣ እንግዳ ተቀባይዋ ወንበር ስባ በታላቅ ትሕትና አነጋገረችኝ። ባለቤቴ ጠቋሚ ስለሆነች ጉዳዩ ምስጢር እንደሆነ፣ ስለዚህም እንዲህ የምትባል ሴት መኖሯን ማረጋገጥም ሆነ ማስተባበል እንደማትችል ገለጸችልኝ። ይህን ስትነግረኝ የባለቤቴ ፎቶ በክፈፍ ሆኖ ከጀርባዋ ተሰቅሎ ነበር። አለቃዋ ደግሞ ባንዲራው የአሥራ አንድ አገሮች ስለሆነ ቢልቦርዱን ለማውረድ የአሥራ አንዱም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ የአገሮቹ ዐቢይ ኮሚቴም ገና በመጪው ዓመት እንደሚሰበሰብ አስረዱኝ።

የውጭዎቹንስ አላማቸውም። ባለሙያቸው ከአስተርጓሚ ጋር እስከ ቤታችን ድረስ መጥታ ባለቤቴን ምን ያህል ደህንነት ይሰማሻል ብላ ጠይቃታለች። ባለቤቴ አለቀሰች። አስተርጓሚው በምስጋና ብዛት ነው ብሎ ተረጎመው፤ ሴትዮዋም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ጻፈችው።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጢም ስላጭ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሌላ መፍትሔ ሲጠፋኝ ግን በጠራራ ፀሐይ መሰላል ተውሼ ወጣሁና በጥቁር ቀለም ለባለቤቴ ሙሉ ጢም አበቀልኩላት። እውነቱን ለመናገር አላማረባትም፤ ግን ማንም አይለያትም ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ ጥበቃዎችዎ የፀረ ሙስናን ስም በማጉደፍ ያዙኝ፤ ከሰዓት በኋላም ከነመኪናው አንድ ቡድን መጥቶ ፊቷን በሳሙና አጥቦ እንደ ቀድሞው አደረገው። የሥራችሁን ቅልጥፍና ያደነቅሁት ያን ዕለት ነው። ማቀዝቀዣው እስከ አሁን ቢራ ያቀዘቅዛል።

እስከዚህ ድረስ ብስቅም፣ ባለፈው ሰኞ ሁለት ሰዎች ወደ ፀጉር ቤቴ ገቡ። አልተቀመጡም። አንደኛው ወደ ቢልቦርዱ በአገጩ እያመለከተ «ባለቤትህ ማታ በየት በኩል ነው የምትገባው?» አለኝ። ሳላስበው የደንበኛዬን ጆሮ ጫፍ ቆረጥኩት። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። እሷ ከእኔ ደፋር ናት፣ ግን እሷም ፈርታለች። አሁን በየማታው ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቃታለሁ፤ ወደ ቤታችንም በየቀኑ መንገድ እየቀያየርን እንገባለን።

ልመናዬ ትንሽ ነው። ባንዲራዎቹ ይቆዩ፣ ጽሑፉም ይቆይ፤ የባለቤቴ ፊት ብቻ ይውረድልኝ። ቁልፏንም መልሱላት። በቦታዋ የግድ የሰው ፊት ካስፈለገ የሥራ አስኪያጁ ፎቶ ይለጠፍ፤ የእሳቸውን ማንነት እንደሆነ እስከ ዛሬ ከልባችሁ ስትጠብቁት ኖራችኋል።

ለተደረገልን ጥበቃ ሁሉ አመስግኜ የማልጨርስ፣ ሚስቴን አገር ስላወቃት የራሴን ስም መጻፍ ያላስፈለገኝ፣ ምንጊዜም አክባሪዎ የሆንኩ፣

የአደባባዩ ዳር ፀጉር አስተካካይ

ግልባጭ፦
ለአሥራ አንዱ አጋር አገሮች፣ አስተርጓሚው እንደፈቀደላቸው

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ በዚህ ሳምንት ከሆስፒታሉ ሌላ ዕቃ ሲወጣ አይታለች፤ ከማቀዝቀዣው ይብሳል። ምን እንደሆነና ማን እንዳወጣው ለእኔ ነግራኛለች፤ ለእናንተ እንዳልናገርም አስምላኛለች። አልናገርም። በዚህ ከተማ የእሷን ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው እንኳ መኖር አለበት።