የሚጡ የአህያ ልብስ

ማክሰኞ

አቤል፣ የአህያዋን ጆሮዎች የት ነው ያስቀመጥካቸው? ካርቶን ቆርጠህ ሽቦ ስታስገባባቸው አይቻለሁ። ቁም ሳጥኑ ላይ የሉም። አልጋህ ላይ አሁን አክስቴ የሺ ናት የምትተኛው፤ ፍራሹን ሳነሳ ደረሰችብኝ። «ምን ጠፋብህ?» «ደብተር» አልኳት።

ትንሿ እህታችን ሚጡ ከትምህርት ቤት እንደመጣች በጆሮዬ «ቅዳሜ ነው» አለችኝ። የቀበሌው አዳራሽ፣ የልጆች ቲያትር፣ እሷ አህያ። ልብስ ያላመጣ ልጅ ዛፍ ይሆናል ብለዋቸዋል። «ዛፍ እኮ አያወራም፣ ዝም ብሎ ነው የሚቆመው» ብላ ልታለቅስ ነበር። እሱ የጀመረውን እኔ እጨርስልሻለሁ አልኳት። ምን እንደነካኝ አላውቅም። መርፌ ይዤ አላውቅም።

ከቀበርንህ ዛሬ ሃያ ሁለት ቀን ሆነ። አርባህ እስኪወጣ አክስቴ አትሄድም። በሩ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። ለቅሶኛ ይገባል፣ ለቅሶኛ ይወጣል፣ እኔ ከትምህርት ቤት መልስ አግዳሚው ላይ ነኝ። ዓይኔ እርጥብ ሲል «አይዞህ፣ አባትህም ወንድምህም አልፈው ለቤቱ የቀረኸው ወንድ አንተ ነህ» ይሉኛል። እውጠዋለሁ። ብቻዬን የምሆነው ሽንት ቤት ስገባ ነው፤ እሱም የግቢው ሰው ሁሉ ስለሆነ ወዲያው ይንኳኳል።

ረቡዕ

ጆሮዎቹ ተገኙ! ከፊዚክስ ደብተሮችህ መሀል፣ እንዲቃኑ ተጭነው። አንደኛው ከሌላው ይረዝማል፣ ግን ጆሮ ናቸው።

የቀረው፦ ገላ፣ ጭራ። ጨርቅ ደግሞ የለም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ኡራኤል መውረጃው ላይ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሙዘይን ጋ ገባሁ።

«ሰማያዊ ከፋይ አለኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አህያ ናት እኮ።»

«እና አህያ ብትዘንጥ ምን አለበት?»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ራሴን አስደነገጠኝ። ግራጫ ጨርቅ ካመጣሁ ነገ ለምሳ ሲወጡ በማሽኑ እንድሰፋ ፈቀዱልኝ።

ግራጫ ጨርቅ እቤታችን አንድ ብቻ ነው ያለው። የሱፍ ኮትህ።

ሐሙስ

ቆረጥኩት።

ጋሽ ሙዘይን ኮቱን ገና ከቦርሳዬ ሳወጣው አወቁት። እጅጌውን ያሳጠሩልህ እሳቸው ናቸው። ማሽኑ እንዴት እንደሚሄድ አሳዩኝ፣ ከዚያ ትልቁን መቀስ ገፋ አደረጉልኝና ወጡ። መጀመሪያ አንገቱ ላይ ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለ። ከታች ጀመርኩ።

ሚጡ «አህያ ቁልፍ የላትም» ስላለችኝ ፊቱን ድፍን አድርጌ ሰፋሁት። ከአንዱ እጅጌ ጭራ ወጣ። ኮርቼ ነበር በቃ።

ማታ ጓዳ ውስጥ አስለካኋት። መግባቱን ገባች። መውጣቱ ነው ችግሩ። አንገቷ ላይ ተያዘ። እኔ እስባለሁ፣ እሷ ውስጥ ሆና «ጆሮዬን! የአህያዋን ሳይሆን የራሴን!» ትላለች። ስትጮህ አክስቴ መጣች።

«በስመ አብ! ይሄ የአቤል ኮት አይደለም?»

እማዬ ልብሶችህን ለአርባህ ቀን ለችግረኛ ልትሰጥ ለይታ አስቀምጣ ኖሯል። ኮቱን ለሰፈሩ ዘበኛ ብላለች። የነገረኝ ሰው የለም።

«ደግሞ በወንድሟ ሐዘን ጭራ ተክላ ልትዘል ነው? ሰው ምን ይላል?» አክስቴ እንደዚህ ስትል እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየችን። ተመልሳ ለቅሶኞቹ መሀል ተቀመጠች።

ዓርብ

እማዬ ጠዋት ሰላም አላለችኝም። ክፍል ውስጥ አንድ ነገር አልሰማሁም። ወደ ቤት መሄድ አልፈለግኩም፤ የምሄድበት ሌላ ቦታም የለም።

አመሻሽ ላይ እንግዳ ሲቀንስ «አምጣው» አለችኝ። ሰጠኋት። ስፌቱን አገላብጣ አየችው።

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«ያስታውቃል።»

ምላጭ አነሳችና ጀርባውን እስከ ወገቡ ሰነጠቀችው። አለቀ፣ ልትቀዳድደው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጠርዙን እያጠፈች ማሰሪያ ትሰፋለታለች። ጭራውንም ነቀለችው። «አህያ ጭራዋ ጉልበቷ ላይ አይደለም» ብላ ከፍ አድርጋ ተከለችው።

አክስቴ አልቻለችም። «እንዴ! የምርሽን ነው? ልትልኪያት?»

«ልጅቷ አልሞተችም፣ የሺ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ቅዳሜ

ሄዱ፣ ሦስቱም። አክስቴ እንኳ «ማሰሪያው እንዳይፈታባት ነው» ብላ ነጠላዋን አነሳች። ሚጡ ከግቢው ሳትወጣ መዝለል ጀምራለች። እኔም ጫማዬን አስሬ ነበር። እማዬ ግን «አንተ ቤት ሁን፣ ለቅሶ የሚመጣ ይኖራል» አለችኝ። የሰፋሁት እኔ፣ የማላየው እኔ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ እቤት ብቻዬን ስሆን ይሄ የመጀመሪያው ጠዋት ነው። መጀመሪያ ክፍሉ መሀል ዝም ብዬ ቆምኩ። ሬዲዮ ልከፍት አሰብኩ፣ ተውኩት። የአክስቴን ብርድ ልብስ አጣጥፌ ወንበር ላይ አኖርኩና አልጋህ ላይ ተጋደምኩ። ከዚያ ተነሳሁና በሩን ዘጋሁት። የለቅሶ ቤት በር በጠራራ ፀሐይ ዘጋሁት። ስምህን ጠራሁ። ድምፄ ወፍራም ሆኖ ወጣ። ደገምኩት። ከዚያ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቅኩ አለቀስኩ፣ ያቋረጠኝ የለም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

በሩ ተንኳኳ። ፊቴን ሳልጠርግ ከፈትኩ። የማላውቃቸው እናት ናቸው፣ ጥቁር ነጠላ የለበሱ። በትከሻዬ አሻግረው ወደ ውስጥ አዩ።

«ሰው የለም እንዴ ልጄ?»

«እኔ አለሁ» አልኳቸው። «ይግቡ።»