ዘጠኙ የብረት ማገጃዎችና በቃለ ጉባኤ የተመዘገበው ዝምታዬ

ለተከበሩ ሚስተር ኤድመንድ ኦርመሮድ
የኬልደርዌል ከተማ የብስክሌት ጉብኝት መስመሮች ኮሚቴ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን አጥብቄ እመኛለሁ። በተለይ ጉልበቶችዎ ደኅና እንዲሆኑ እመኛለሁ፤ ኮሚቴውን በመሩባቸው ስድስት ዓመታት በከተማችን ዙሪያ ካሉት ዳገቶች አንዱን እንኳ በብስክሌት ሲወጡ ያየዎት ሰው ስለሌለ፣ ጉልበቶችዎ እንደ አዲስ ዕቃ ከነማሸጊያቸው እንዳሉ አልጠራጠርም። የባለቤትዎን ጤና፣ የውሻዎንም ጤና በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ስሜ ሄቲ ኦልድሮይድ ነው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰው ፊት መቆም ስለማይሆንልኝ ከዐሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ የተማርኩት ቤት ውስጥ ነው፤ ያውም ጥቂት ነው። በጽሑፌ ስሕተት ካገኙ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እርስዎ እኔን ያውቁኛል ብዬ አላስብም፤ ፎቶዬን ግን ያውቁታል። ኮሚቴው ባለፈው ሚያዝያ ባሳተመው አዲስ ካርታ ሽፋን ላይ፣ የከተማችን የምንጭ ውኃ ከሚጠጣበት አዳራሽ ፊት ለፊት በአረንጓዴ ባለ ሁለት ኮርቻ ብስክሌት ላይ ተቀምጠው የሚታዩት ሁለት ሰዎች እኔና አባቴ ክላይቭ ነን። ከፊት ያለሁት እኔ ነኝ። ከኋላ ሆኖ ወደ ርግቦቹ ዞሮ የሚስቀው አባቴ ነው፤ ዐይነ ስውር ስለሆነ ፎቶ አንሺው በየት በኩል እንደቆመ አላወቀም ነበር። ከፎቶው ሥር «ለሁሉም ሰው የሚሆኑ መንገዶች» የሚል ተጽፏል። ስለተሰጠን ክብር ቤተሰባችን ያመሰግናል። ካርታውን ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ መንገዱ ላይ መውጣት ስለማንችል እዚያው ቆመን እናየዋለን።

የኮሚቴው ጸሐፊ ሚስስ ቢቨርስ ቁጥር የሌለው አቤቱታ ኮሚቴው እንደማያነብ በደግነት ስለነገሩኝ፣ ጉዳዮቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ማገጃዎቹ። ሐዲዱ ከተነሣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው የባቡር መስመር ከከተማችን ጫፍ ተነሥቶ እስከ ቶርንስኬል መንደር ሰባት ማይል ይሄዳል። ዳገት የለውም፣ መኪና አይገባበትም። ኮሚቴው ሞተር ብስክሌቶችን ለመከልከል ብሎ በመጋቢት ወር ዘጠኝ የብረት ማገጃዎች ለስድስት ወር ሙከራ ተከለበት። እያንዳንዱ ማገጃ ከታች የተራራቁ፣ ከላይ ግን የተጠጋጉ ሁለት ብረቶች ነው፤ እግር ያስገባል፣ ሰፊ መሪ ግን አያሳልፍም። ቀጭን ሰው በቀጭን ብስክሌት ገደድ ብሎ ያልፋል። ባለ ሁለት ኮርቻ ግን አያልፍም፤ ልጅ የሚጎተትበት ጋሪም፣ የበሽተኛ ተሽከርካሪ ወንበርም አያልፍም። ሞተር ብስክሌት ያልፍ እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የደረስንበት እሑድ፣ አባቴ ወርዶ ብረቱን በሁለት እጁ ዳሰሰው። እንደ ሐኪም ቀስ ብሎ ዳሰሰው። «ይሄን የሠራው ሰውዬ ብስክሌት ያየው በሥዕል ነው» አለ። ከዚያ ሻንጣዎቹን ፈታን፣ ብስክሌቱን በኋላ ጎማው አቆምነው፣ እኔ ወደ ላይ ስገፋ እሱ ከማዶ ሲጎትት፣ የሰንሰለቱ ዘይት ሸሚዙን ለውሶት፣ ከብዙ ትግል በኋላ አሻገርነው። ቁጭ ብለን ትንፋሻችንን ስንሰበስብ፣

«ስንት ቀረን?» አለኝ።

«ስምንት» አልኩት።

«እንግዲያማ ለገና ቶርንስኬል ነን» አለ።

ሳቅን። ያን ቀን ገና ይሳቅ ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ ቁልፉ። አባቴ ለኮሚቴው ደብዳቤ አጽፎኝ ነበርና ስለ ፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ፤ በሰባት ሳምንት ደርሶናል። ማገጃዎቹ ለጥገና መኪና የሚከፈቱ መሆናቸውን፣ ቁልፍ የሚፈልግ ሰው ከሁለት የሥራ ቀን በፊት ማመልከት እንዳለበት፣ ዘጠኙም ማገጃዎች የየራሳቸው ቁልፍ እንዳላቸው ገልጸውልናል። ለእሑድ ሽርሽር ሐሙስ አመልክቶ፣ ዘጠኝ ቁልፍ እንደ ወኅኒ ጠባቂ በወገብ አንጠልጥሎ መውጣት ደስ የሚል ነገር ነው። ደብዳቤው ሲያበቃ ግን «ይህ የማይመቻቸው ብስክሌተኞች የድንጋይ ማውጫውን መንገድ በአማራጭነት ሊጠቀሙ ይችላሉ» ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ይዣታለሁ።

ወደ ሦስተኛው ከመሄዴ በፊት ባለ ሁለት ኮርቻ ብስክሌት እንዴት እንደሚነዳ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ፤ የኮሚቴው አባላት በመኪና ስለሚመጡ ላያውቁት ይችላሉ። ከፊት የተቀመጠ ሰው መናገር ግዴታው ነው። «ጉድጓድ»፣ «ዳገት መጣ»፣ «እግርህን አሳርፍ»፣ «ወደ ግራ ነን» ካላለ፣ ከኋላ ያለው ሚዛኑን ይስትና ሁለቱም ይወድቃሉ። ከኋላ ያለው ደግሞ ዐይን ባይኖረውም ጆሮ አለው፤ ከበስተኋላ የሚመጣውን መኪና የሚነግረኝ አባቴ ነው። ዳቦ ሻጯን ደኅና ዋሉ ማለት የሚያቅተኝ እኔ፣ እዚያ ላይ ስሆን አፌ አይዘጋም። ሁሉን እነግረዋለሁ። የበጎቹ ጀርባ ምን ቀለም እንደተቀባ ሳይቀር እነግረዋለሁ። «ሰማያዊ ከሆነማ የሃርግሬቭስ በጎች ናቸው፤ ሰነፍ፣ አጥሩን ዛሬም አልጠገነም» ይላል። ስኳር በሽታ ከአራት ዓመት በፊት ዐይኑን ሳይወስደው የእሑድ ብስክሌተኞች ማኅበር መሪ ነበርና፣ መንገዱን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እኔ መልሼ ለእሱ አነብለታለሁ።

ጉዞው ሲያልቅ ማኅበሩ ውኃ መጠጫው አዳራሽ ገብቶ ያን ዲን ዲን የሚሸት የምንጭ ውኃ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል። ፊቱን ያጨማደደ ለሁሉም ኬክ ይገዛል። አባቴ «ማነው ያጨማደደው?» ሲል የምመልሰው እኔ ነኝ። ሃያ ሰው ፀጥ ብሎ የእኔን ቃል ይጠብቃል። አንዳንዶቹ በዐይናቸው ይለምኑኛል። በሳምንት አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሥልጣን ነበረኝ፤ ሥልጣን ምን ያህል እንደሚጣፍጥ እርስዎ ስለሚያውቁ ይረዱኛል።

ሦስተኛ፦ ስለ አማራጩ መንገድ። ምክርዎን ተቀብለን በግንቦት ሁለተኛው እሑድ በድንጋይ ማውጫው መንገድ ሄድን። እሑድ የጭነት መኪና አይኖርም ብለን ነበር። አለ። አባቴ «ከኋላ መኪና፣ ትልቅ ነው፣ ጠርዙን ያዢ» አለኝ፤ ያዝኩ። መኪናው አለፈ። ሁለተኛው ግን በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ተደብቆ ነበር የመጣው፤ አባቴ አልሰማውም፣ እኔም አላየሁትም። አልነካንም። ነፋሱ ብቻ ነው የገፋን። ብስክሌቱ ከእጄ ወጣ፤ ሁለታችንም ሳማ የሞላው ቦይ ውስጥ ገባን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አባቴ ስሜን ይጠራ ጀመር። «ሄቲ። ሄቲ፣ የት ነሽ? የኔ ልጅ፣ ተናገሪ።» እኔ ከእሱ ሁለት እርምጃ ርቄ ተቀምጫለሁ፤ ምንም አልሆንኩም፤ አየዋለሁ። በሕይወት መኖሬን እንዲያውቅ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው። አልወጣችም። አፌን ከፍቼ ጠበቅኩ፣ አልወጣችም። እሱ በተሰበረ ትከሻው በሳማው ውስጥ እየዳኸ መሬቱን ሲዳብስ አየሁት። ደርሼ እጁን እስክይዘው ድረስ ልጁ ሞታለች ብሎ አስቦ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ በስብሰባ ላይ ሰዓት የሚይዙት ሚስስ ቢቨርስ እዚያ አልነበሩም።

የትከሻው አጥንት ድኗል። ብስክሌቱ ግን ጎተራው ውስጥ ተሰቅሏል። «በቃን» አለ። «ለራሴ አይደለም። እኔ ምን ቀረኝ።» አሁን እሑድ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። እኔ ያልሰማሁት ሲመስለው በዝግታ ሲናገር እሰማዋለሁ። «ድልድይ... ማርሽ ቀይር... አሁን ጥላው መጣ...» ይላል። ሰባቱን ማይል እንዲህ ብቻውን ይሄደዋል። በሐሳቡ መንገድ ላይ ማገጃ እንደሌለ አስባለሁ፤ ኮሚቴው እዚያም መድረስ እስኪችል ድረስ።

አራተኛ፦ ስለ ቃለ ጉባኤው፤ ዋናው ጉዳዬም ይኸው ነው። በነሐሴ በተደረገው የሕዝብ ስብሰባ ላይ ስሜን አስመዝግቤ ለመናገር መጥቼ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል፤ ሚስስ ቢቨርስም በዶሮ ቅርጽ የተሠራ የእንቁላል መቀቀያ ሰዓታቸውን ጠረጴዛው ላይ አቆሙልኝ። ተነሣሁ። ንግግሬን አጥንቼው ነበር። ዶሮዋ ቸክ ቸክ ስትል፣ እርስዎም መነጽርዎን ሲጠርጉ፣ ከኋላዬ የሚያዳምጠኝ አባቴ አለመኖሩ ታወቀኝ፤ በቦይ ውስጥ የያዘኝ ነገር ያዘኝ። ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ ቆሜ ዝም አልኩ። ዶሮዋ ጮኸች። እርስዎም ፈገግ ብለው «እናመሰግናለን፣ ሚስ ኦልድሮይድ፤ በጣም ጠቃሚ ሐሳብ ነው» አሉኝ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ከጭብጨባው ይልቅ ቢሳቁብኝ እመርጥ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቃለ ጉባኤው ታተመ። እንዲህ ይላል፦ «ሚስ ኦልድሮይድ ስለ ማገጃዎቹ ተናግረዋል። ተቃውሞ አላቀረቡም።»

ሚስስ ቢቨርስን በራቸው ድረስ ሄጄ ወረቀቱን አሳየኋቸው። «ውይ የኔ ቆንጆ» አሉኝ፣ «ዝም ብላ ቆመች ብዬ ልጻፍ እንዴ? እንዳታፍሪ ብዬ እኮ ነው። ደግሞ ተቃውሞ ስትዪ አልሰማሁም፤ ያልሰማሁትን አልጽፍ።» ይህን ያደረጉት ከልባቸው ደግ ሆነው መሆኑን አምናለሁ። በእኛ ከተማ ሰውን ከማሳፈር ውሸት መጻፍ ይቀላል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል እሰማለሁ፤ በእኔ አፍ ግን ዘጠኝ የብረት ማገጃ ገባ። ምክንያቱም በመጪው ሐሙስ የሙከራው ጊዜ ስለሚያበቃ፣ ኮሚቴው «በስብሰባው ላይ ተቃውሞ ስላልቀረበ» ብሎ ማገጃዎቹን በሲሚንቶ ለዘለቄታው ሊያቆማቸው እንደሆነ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቤአለሁ። አባቴ ይህን አያውቅም። ሰሌዳውን የማነብለት እኔ ነኝ፤ ይቺን አላነበብኩለትም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ።

አንዱ ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ነው። የሚስስ ቢቨርስን ድካም ለመቀነስ ጽሑፉን ራሴ አዘጋጅቼዋለሁ፦ «ሚስ ኦልድሮይድ ሦስት ደቂቃ ዝም ብለዋል። ዝምታቸው አይሆንም ማለት ነበር።»

ሁለተኛው ልመናዬ ከዚህ የቀለለ ነው። ሐሙስ ከኮሚቴው ስብሰባ ሁለት ሰዓት ቀደም ብዬ አረንጓዴውን ብስክሌት ይዤ ውኃ መጠጫው አዳራሽ ፊት ለፊት እቆማለሁ፤ ፎቶው በተነሣበት ቦታ። የኋላው ኮርቻ ባዶ ነው። እርስዎ ይቀመጡበት፤ ዐይንዎንም በመሐረብ ይሸፍኑ። እስከ መጀመሪያው ማገጃ ሁለት ማይል ነው፣ ዳገት የለውም፣ ጉልበትዎ አይጎዳም። አይስጉ፤ ከኋላዬ ሰው ካለ እናገራለሁ። ጉድጓዱን እነግርዎታለሁ፣ ድልድዩን እነግርዎታለሁ፣ በጎቹ ሰማያዊ ይሁኑ ቀይ እነግርዎታለሁ። ማገጃው ጋ ስንደርስ ግን ዝም እላለሁ። እሱን በገዛ እጅዎ ይዳስሱታል።

ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎ፣ እንዲሁም ለዘጠኙ ብረቶች ጥንካሬ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ የካርታዎ የሽፋን ጌጥ ሆና የምትቀር ታዛዥ ልጅዎ፣

ሄቲ ኦልድሮይድ
ኬልደርዌል

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ቅዳሜ ማገጃዎቹን ለመቁጠር በእግሬ ሄጄ ነበር። ሦስተኛው ማገጃ ጎን ባለው የቁጥቋጦ አጥር ውስጥ በር የሚያህል ክፍተት አለ፤ መሬቱ በጎማ ታርሷል። ቆሜ ሳለሁ አንድ ጎልማሳ ሰው በሞተር ብስክሌቱ በክፍተቱ ወጥቶ አጠገቤ አቆመ። የያዝኩትን ካርታ አይቶ «የኮሚቴው ነሽ እንዴ እህቴ?» አለኝ። እንደ ልማዴ አልመለስኩም። «እንግዲያው አመስግኚልኝ» አለ፣ «ድሮ በብስክሌተኛው ብዛት ፍጥነት መቀነስ ነበረብኝ፤ አሁን ሰባቱም ማይል የራሴ ሆኗል።» ምስጋናውን በዚህ አድርሻለሁ። እሱም ተቃውሞ እንደሌለው በቃለ ጉባኤው ይመዝገብለት።